ሙስሊም ፕሮ፣ ዙም እና ቴሌግራም፦ መስጊድ በተዘጋበት ረመዳን የትኛው አገለገለ?

የ1441 ዓመተ ሒጅራ ረመዳን ሚያዝያ 16 ቀን 2012 ሲገባ መስጊዶች ለጀመዓ ሶላት ዝግ ነበሩ። የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አገራችን ውስጥ ከተገኘ 6 ሳምንት፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ከታወጀ ደግሞ 16 ቀን ሆኖ ነበር። ከ4 ሰው በላይ መሰብሰብ ስለተከለከለ ተራዊሁም (የረመዳን የሌሊት ሶላት)፣ ደርሱም (የሃይማኖት ትምህርቱ)፣ የሰፈር ኢፍጣሩም ወደየቤቱ ገባ። የመስጊዱን ሥራ በከፊል ተሸክመው ወሩን ያሻገሩን ሦስት የስልክ አገልግሎቶች ናቸው፦ ለሶላት ሰዓትና ለቂብላ (ለሶላት ለሚዞሩበት የመካ አቅጣጫ) ሙስሊም ፕሮ፣ ለደርስ ዙም፣ ለቀረው ሁሉ ቴሌግራም። ይህ ግምገማ ሦስቱን የሚመዝነው በዚያ ወር ሥራቸው ነው፤ ጥቅሙ ግን ያለፈ ነገር ለማስታወስ ብቻ አይደለም። አልጋ የያዘ ሽማግሌ፣ አራስ እናት፣ በዐረብ አገር በሰው ቤት ተቀጥራ ከበር የማትወጣ እህት ዛሬም የሚኖሩት ያንን ረመዳን ነው።

ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር። አንደኛ ቴሌግራም ነው። ሙስሊም ፕሮ ቅንብሩ ከተስተካከለ ጥሩ ነው፤ ሳይስተካከል ግን ሰዓት ያሳስታል። ዙም ለአንድ ሥራ ብቻ ይሆናል፣ እሱም ቁርኣን ማረም ነው። ሦስቱም ቢሆኑ ኃላፊነት የተረከበ ሰው ከሌለባቸው በሳምንት ውስጥ ይበተናሉ።

ከሙስሊም ፕሮ እንጀምር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። መቀመጫውን ሲንጋፖር ያደረገው ይህ አፕ የሶላት ሰዓት የሚያወጣው ከፀሐይ አቀማመጥ በስሌት ነው። የፈጅርና የዒሻ ሰዓት የሚወሰነው ፀሐይ ከአድማስ በታች ስንት ዲግሪ ስትሆን ነው በሚለው ስለሆነ፣ የስሌት ዘዴው ምርጫ ትልቅ ልዩነት ያመጣል። የሰሜን አሜሪካው ዘዴ ለሁለቱም 15 ዲግሪ ይወስዳል። የሙስሊም ዓለም ሊግ ለፈጅር 18፣ ለዒሻ 17 ነው። የግብፁ 19.5 እና 17.5 ነው። የመካው ኡሙል ቁራ ለፈጅር 18.5 ወስዶ ዒሻን ከመግሪብ 90 ደቂቃ በኋላ ያደርገዋል፤ በረመዳን ደግሞ 120 ደቂቃ።

ይህ አዲስ አበባ ላይ ምን ማለት እንደሆነ በደቂቃ እንየው። በሚያዝያና በግንቦት አንዱ ዲግሪ ከ4 ደቂቃ ትንሽ ይበልጣል። አፑ በ15 ዲግሪ ላይ ከተቀመጠ ፈጅር ከ18 ዲግሪው 13 ደቂቃ ያህል ዘግይቶ ይነግራችኋል፤ የሰፈራችሁ መስጊድ 18 ዲግሪውን የሚከተል ከሆነ እሱ ፈጅር ካለ በኋላ እናንተ ገና ሰሁር ትበላላችሁ ማለት ነው። በኡሙል ቁራ ላይ ከተቀመጠ ደግሞ የረመዳን ዒሻ በሙስሊም ዓለም ሊግ ከሚወጣው 50 ደቂቃ ገደማ ይዘገያል፤ ተራዊህ እየጠበቁ የሚተኙ ልጆች ያሉበት ቤት ይህን በደንብ ያውቀዋል። ስለዚህ አፑን እንደጫናችሁ የመጀመሪያው ሥራ ቅንብር ውስጥ ገብቶ የስሌት ዘዴውን ማየት ነው። ከዚያ የሰፈራችሁን መስጊድ የሰዓት ሠሌዳ ፎቶ ከሙአዚኑ ጠይቃችሁ አጠገቡ አድርጉና አምስቱንም ወቅት አነጻጽሩ። ጥቂት ደቂቃ ልዩነት ካለ ለእያንዳንዱ ሶላት ደቂቃ የሚጨመርበትና የሚቀነስበት ቦታ አለ። ለመግሪብ 2 ወይም 3 ደቂቃ መጨመር ለጾመኛ የሚበጅ ጥንቃቄ ነው።

ዐስር ላይ ሌላ ምርጫ አለ፦ ሻፊዒይ ወይም ሐነፊ። የመጀመሪያው ጥላ የቁመትን 1 እጥፍ ሲሆን፣ ሁለተኛው 2 እጥፍ ሲሆን ነው (የቀትሩ ጥላ ሳይቆጠር)። በግንቦት አዲስ አበባ ላይ በሁለቱ መካከል ከ1 ሰዓት በላይ ልዩነት አለ። ሐረርና ባሌ ያደገ ሰው ሻፊዒዩን፣ ወሎ ያደገ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሐነፊውን ይከተላልና አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ስልክ ሁለት ሰዓት ላይ አዛን ቢል አፑ ተበላሽቶ አይደለም።

አፑ የማያውቀው አንድ ነገር የእኛን የሰዓት አቆጣጠር ነው። መግሪብን 18:38 ብሎ ይጽፋል፤ ለእኛ 12፡38 ነው። ፈጅር 4:51 ማለት ከሌሊቱ 10፡51 ነው። ወጣቱ ይህን በቃሉ ይቀይራል፤ እናትና አባት ግን ይደናገራሉ፣ በተለይ 4:51 የሚለውን ከጠዋቱ አድርገው ያነቡታል። መፍትሔው የአፕ አይደለም። የ30 ቀኑን ሠሌዳ ከአፑ ቀድታችሁ፣ በኢትዮጵያ ሰዓት ቀይራችሁ፣ በትልልቅ ፊደል በወረቀት ጻፉና ግድግዳ ላይ ለጥፉ። የአዲስ አበባ ሰዓት በወር ውስጥ የሚንቀሳቀሰው በጥቂት ደቂቃ ስለሆነ አንዱ ወረቀት ለጎረቤትም ይበቃል።

አዛኑ አንዳንድ ቀን የማይጮኸው ለምንድን ነው? በአብዛኛው ጥፋቱ የስልኩ ባትሪ ቆጣቢ ነው። ቴክኖና ኢንፊኒክስን የመሳሰሉ ስልኮች ከበስተጀርባ የሚሠራ አፕ ይዘጋሉ። በስልኩ ቅንብር ውስጥ የባትሪ ክፍል ገብታችሁ ሙስሊም ፕሮን ከቁጠባው ነጻ አድርጉት፣ ራሱ እንዲነሣም ፍቀዱለት። ለሰሁር ግን አፑን ብቻ አትመኑ፤ የስልኩን ተራ ማንቂያ ደወል ከፈጅር 50 ደቂቃ ቀደም አድርጋችሁ ሙሉት።

ወደ ቂብላ እንሂድ። መስጊድ የሚሄድ ሰው ሚሕራቡ ስለሚያሳየው አቅጣጫ አስቦ አያውቅም፤ ሳሎኑ ውስጥ ሲሰግድ ግን ጥያቄው ይመጣል። የአፑ ኮምፓስ የሚሠራው ስልኩ ውስጥ ባለ መግነጢስ መለኪያ ነው። ብዙ ርካሽ ስልክ ይህ መለኪያ የለውም፤ ቀስቱ ስልኩ ቢዞርም ካልተንቀሳቀሰ የእናንተም አንዱ ነው። መለኪያው ያለው ስልክም ቢሆን ፌሮ በተቀበረበት ግድግዳ፣ በቆርቆሮ ቤት፣ በብረት አልጋና በማግኔት በሚዘጋ የስልክ ሽፋን ይሳሳታል። ሽፋኑን አውልቁ፣ ግቢ ውጡ፣ ስልኩን በአየር ላይ የ8 ቁጥር ቅርጽ እየሠራችሁ ጥቂት ጊዜ አዙሩ፣ ከዚያ መሬት ላይ በጀርባው አስተኝታችሁ አንብቡ።

የሚወጣውን ቁጥር ለመፈተሽ ይህን ያዙ፦ ከአዲስ አበባ መካ ያለችው ከሰሜን ወደ ምሥራቅ 5 ዲግሪ ያህል ብቻ ዘንበል ብላ ነው። ከደሴ ልክ ሰሜን ናት፣ ልዩነቱ 1 ዲግሪ ነው። ከጅማ ከሰሜን ወደ ምሥራቅ 12 ዲግሪ ገደማ፣ ከሐረር ደግሞ ወደ ምዕራብ 10 ዲግሪ ነው። ስልካችሁ አዲስ አበባ ላይ 40 ካለ ስልኩን ተዉት። ዋሽንግተን ያሉ ወገኖቻችን ብዙ ጊዜ የሚገረሙበት ነገር አለ፤ እዚያ ቂብላው ሰሜን ምሥራቅ ነው፣ 56 ዲግሪ ገደማ። ካርታ ላይ መካ ወደ ታች ትታያለችና ሰው ደቡብ ምሥራቅ ይመስለዋል፤ በክቡ መሬት ላይ ግን አጭሩ መንገድ በሰሜን ይዞራል።

ስልክ የማይጠይቅ፣ ከስልክም የሚበልጥ ዘዴ አለ። በየዓመቱ ግንቦት 19 ወይም 20 ከቀኑ 6፡18፣ ሐምሌ 8 ወይም 9 ደግሞ ከቀኑ 6፡27 ላይ ፀሐይ ከካዕባ ቀጥታ በላይ ትሆናለች። የእኛና የመካ ሰዓት አንድ ስለሆነ መቀየር አያስፈልግም። ቀጥ ያለ 1 ሜትር እንጨት ለጥ ባለ መሬት ላይ አቁሙ፤ አዲስ አበባ ላይ 22 ሳንቲሜትር ያህል ጥላ ይጥላል። ከጥላው ጫፍ ወደ እንጨቱ ሥር የሚሄደው መስመር ቂብላ ነው። ደቂቃዋን ግን ጠብቁ፤ ፀሐይ ለአናት ቅርብ ስለሆነች አንድ ደቂቃ ማለፍ 1 ዲግሪ ያህል ያዛባል። የሐምሌው በክረምት ደመና ስለሚሸፈን የግንቦቱ ይሻላል። መስመሩን በጠመኔ ወይም በሚስማር ምልክት አድርጉበት፣ ለዓመታት ይበቃችኋል።

ስለ ሙስሊም ፕሮ አንድ ከባድ ጉዳይ ሳይነሣ አይታለፍም። በኅዳር 2013 መጀመሪያ ገደማ አፑ የተጠቃሚዎችን የመገኛ ቦታ መረጃ ኤክስ ሞድ ለተባለ የመረጃ ነጋዴ ይሰጥ እንደነበር፣ የኤክስ ሞድም ደንበኞች ውስጥ የአሜሪካ ጦር ኮንትራክተሮች እንዳሉ በጋዜጠኞች ምርመራ ተገለጠ። ያኔ አፑ ከ90 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ወርዶ ነበር። ኩባንያው ግንኙነቱን ማቋረጡን አስታወቀ። ሰው ወደ ጌታው የሚዞርበትን ሰዓትና ቦታ የሚያውቅ አፕ አማና አለበት፤ እኛም ለዚህ ነጥብ ቀንሰንበታል። የሚደረገው ቀላል ነው፦ የቦታ ፈቃዱን ከልክሉና ከተማችሁን በእጅ ምረጡ። ከአዲስ አበባ ካልወጣችሁ የሚጎድልባችሁ ነገር የለም።

የሚመሰገንበትም ይኸው በእጅ የተመረጠ ከተማ ነው፤ ሰዓቱን ያለ ኢንተርኔት ያወጣል። ሰኔ 23 ቀን 2012 ኢንተርኔት ተቋርጦ ለ3 ሳምንት ያህል ሲጠፋ ዙምና ቴሌግራም አብረው ጠፉ፤ የሶላት ሰዓቱ ግን ቀጠለ። የቁርኣን ድምፅ አስቀድሞ ካልወረደ አይገኝም፤ ቢያንስ የምትሐፍዙትን ጁዝ (ከቁርኣን 30 ክፍሎች አንዱን) ስልኩ ላይ አስቀምጡ።

ቤት ውስጥ ተራዊህ ለሚያሰግድ ሰው አፑን ከፍቶ ማንበብ ይመጣ ይሆናል። በሻፊዒዮች ዘንድ ከሙስሐፍ እያዩ ማሰገድ ይቻላል፤ በአቡ ሐኒፋ አቋም ሶላቱን ያበላሻል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ኡስታዛችሁን ጠይቁ። የሚቻልበት ቤት ውስጥም ከስልክ ይልቅ የታተመ ሙስሐፍ እንመርጣለን። ስልክ ከሆነ ከበረራ ሁነታ ላይ ይሁን፣ የመብራቱ መጥፊያም ወደ ረጅሙ ይቀየር፤ ያለዚያ በሁለተኛው ረከዓ መሐል ጥሪ ገብቶ ገጹን ይሸፍነዋል። ልኩን ለማስላት፦ የመዲናው ሙስሐፍ 604 ገጽ ነው፣ በ30 ሌሊት ለማኽተም በቀን 20 ገጽ ይደርሳል። 20 ረከዓ ለሚሰግድ በረከዓ 1 ገጽ፣ 8 ለሚሰግድ 2 ገጽ ተኩል ነው። ሐፊዝ የሌለበት ቤት ይህን አይሸከም፤ አጫጭር ሱራዎች ይበቁታል። በዚያ ዓመት የመካው ሐረም ራሱ ተራዊሁን ወደ 10 ረከዓ አሳጥሮ ነበር።

ዙም። መጀመሪያ የማይሆነውን እንበል። ኢማም በስክሪን ተከትሎ ጀመዓ መስገድን አብዛኞቹ ዑለማ አልፈቀዱትም፤ ቦታው ተለያይቷል፣ መስመሩ ሲቋረጥም መእሙሙ (ተከትሎ የሚሰግደው) ሩኩዕ ላይ ይቀራል። ጁሙዓ ለቀረበት ሰው ያለው 4 ረከዓ ዙህር ነው። ኹጥባውን በዙም ማዳመጥ ትምህርት ነው፣ ከጁሙዓ አይቆጠርም።

ለደርስም ቢሆን ነጻው ዙም ለቡድን 40 ደቂቃ ላይ ይዘጋል። ከመግሪብ በፊት የሚሰጥ ደርስ በ35 ደቂቃ እንዲያልቅ ማቀድ፣ ለጥያቄ አዲስ ሊንክ መላክ ነው። በቪዲዮ አንድ ሰዓት ከ800 ሜጋባይት እስከ 2.4 ጊጋባይት ይበላል፤ በድምፅ ብቻ ከ27 እስከ 36 ሜጋባይት ነው። ሃያ ሰው ካሜራ ከፍቶ መተያየቱ ልብ ያሞቃል፣ በተለይ ብቻውን ለሚያፈጥር ሰው። ግን ሰላምታው ላይ 3 ደቂቃ ተያዩና ካሜራው ይዘጋ። በይለፍ ቃልና በመጠበቂያ ክፍል ተጠቀሙ፣ ሊንኩንም አደባባይ ቻናል ላይ አትለጥፉ፤ ያልተጋበዘ ሰው ገብቶ ደርስ የሚያውክበት ዋናው ምክንያት ይህ ነው።

ቁርኣን ለማረም ግን ዙም ከሌሎቹ ይሻላል፣ አንድ ቁልፍ ከተነካ። አፑ የአካባቢ ጩኸት የሚቀንስበት ዘዴ አለው፤ ረዘም ብሎ የሚሳበውን መድ እንደ ማሽን ድምፅ ቆጥሮ ይውጠዋል። ኡስታዙ ተማሪው 6 ሐረካ (የድምፅ መሳቢያ ልክ) የሳበውን 3 ሰምቶ ያርመዋል፣ ተማሪውም ትክክሉን እያነበበ ይታረማል። በድምፅ ቅንብር ውስጥ ኦሪጅናል ሳውንድ የሚለውን ሁለቱም ወገን ካበሩት ይስተካከላል። የጆሮ ማዳመጫ ያስፈልጋል፣ ያለሱ ማሚቶ ይመጣል። በአንድ ጊዜ ከ1 ኡስታዝ ጋር 4 ተማሪ፣ ለእያንዳንዱ 8 ደቂቃ፦ ከዚህ ካለፈ 40 ደቂቃው አይበቃም። በአንድ ድምፅ አሚን ማለት አይሞከር፤ የየሰዉ መስመር መዘግየት ስለሚለያይ ዱዓው ጫጫታ ይሆናል።

ቴሌግራም አንደኛ የወጣው በደካማ ኔትወርክ ስለሚሠራና ሰው በተመቸው ሰዓት ስለሚደርሰው ነው። የኡስታዙ የድምፅ መልእክት ሌሊት 9 ሰዓት ኔትወርኩ ሲቀል ይወርዳል፤ ሰሁር ላይ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ያዳምጠዋል። ፎቶና ቪዲዮ በራሱ እንዳይወርድ ዝጉ፤ ያለዚያ የኢንተርኔት ጥቅሉ በ2 ቀን ያልቃል።

ለኸትም (ቁርኣኑን በጋራ አንብቦ ለመጨረስ) 30 ሰው ለእያንዳንዱ 1 ጁዝ ይከፋፈላል። የሚበላሸው ሁልጊዜ በአንድ መንገድ ነው፦ "እኔ 7ን ወሰድኩ" የሚለው መልእክት በሰላምታና በዱዓ ጎርፍ ይሰጥምና ሁለት ሰው አንድ ጁዝ ያነባል፣ 19ኛው ባለቤት ያጣል። ዝርዝሩን አንድ ሰው ብቻ ይያዝ፣ አንድ መልእክት ላይ ጽፎ ከላይ ይለጥፈው፣ ሲለወጥም ያንኑ ያርመው። የጭውውት ግሩፑ ሌላ፣ የሥራው ግሩፕ ሌላ ይሁን።

የሰደቃው ሥራ ላይ ግን ሰው ያልተራበው በዚህ አፕና በጥሩ ጸሐፊ ነው። ሰው አደባባይ ሰብስቦ ማደል ስላልተቻለ እሽጉ ከበር ማድረስ ነበረበት። ለ5 ሰው ቤተሰብ የሚሆን እሽግ፦ 10 ኪሎ ዱቄት፣ 5 ኪሎ ሩዝ፣ 2 ኪሎ ምስር፣ 3 ሊትር ዘይት፣ 2 ኪሎ ስኳር፣ 1 ኪሎ ተምር፣ 5 ሳሙና። ለ2 ሳምንት ድጎማ ነው፣ ሙሉ ቀለብ አይደለም፤ ይህንን ለተቀባዩ መንገር ክብሩን መጠበቅ ነው። ግሩፑ ላይ ስም አይጻፍ፤ ለየቤቱ ቁጥር ስጡና ስሙን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ይሁኑ። የተቀባይ ፎቶ ፈጽሞ አይለጠፍ። ሁለት የሰፈር ማኅበሮች ዝርዝራቸውን ካላመሳከሩ አንዱ ቤት ሦስት እሽግ፣ ጎረቤቱ ባዶ ያገኛል፤ በሳምንት አንድ ቀን የቤት ቁጥሮቹን ማነጻጸር ይበቃል፣ የሰፈሩን እድርም ጠይቁ፣ ማን እንዳጣ ከማንም በላይ ያውቃል። ሙስሊም ያልሆነ ጎረቤትም ዝርዝሩ ውስጥ ይግባ፤ ረሃቡ አንድ ነው። ገንዘቡ በግለሰብ የባንክ ሒሳብ ቢሰበሰብም ሁለት ሰው ያየው ዕለታዊ ሒሳብ ግሩፑ ላይ ይውጣ።

ዘካተል ፊጥር ከዚህ ተለይታ ትያዝ። በነፍስ ወከፍ 1 ሷዕ (የእህል መስፈሪያ) ናት፣ እንደ እህሉ ዓይነት ከ2.5 እስከ 3 ኪሎ፤ ለ6 ሰው ቤተሰብ ከ15 እስከ 18 ኪሎ ማለት ነው። ሻፊዒዮች እህሉን ራሱን ይላሉ፣ ሐነፊዎች ዋጋውንም ይቀበላሉ። ከዒድ ሶላት በፊት ካልደረሰች እንደ ተራ ሰደቃ ስለምትሆን የመጨረሻዋን ቀን አትጠብቁ። ሻፊዒዮች ከረመዳን መጀመሪያ አንሥቶ መስጠትን ስለሚፈቅዱ፣ እንቅስቃሴ በተገደበበት ወር ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ከ27ኛው ሌሊት በኋላ የሚገባ ገንዘብ እህል ተገዝቶ ከበር እስኪደርስ ጊዜ ያጥረዋል።

አሁን የሦስቱም የጋራ ጉድለት፦ ባለ ቁልፍ ስልክ ያላቸውን አያገኙም። ብቻቸውን የሚኖሩ አዛውንቶች ደግሞ አብዛኞቹ ባለ ቁልፍ ስልክ ናቸው። ለእነሱ የሚሠራው ተራ ጥሪ ነው። አንድ ወጣት 5 ቤት ይያዝ፣ በየቀኑ በአንድ ሰዓት ይደውል፣ ከዐስር በኋላ ቢሆን ይመረጣል። የሚጠይቀው አራት ነገር ነው፦ ሰሁር በልተዋል ወይ፣ መድኃኒትዎ ስንት ቀን ይቀረዋል፣ ትኩሳት ወይም ሳል አለ ወይ፣ ማታ የሚያፈጥሩበት አለ ወይ። የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱትን ስለ ጾማቸው ሐኪም እንዲያማክሩ ያስታውስ። ያኔ ለኮሮና ምልክት የሚደወለው ነጻ መስመር 8335 ነበር። ሁለት ጊዜ ተደውሎ ካልተነሣ ሦስተኛውን መጠበቅ የለም፣ ቅርብ ያለ ጎረቤት በሩን ያንኳኳ። ደዋዩ ሲታመም የሚተካው ሰው ስምም ከመጀመሪያው ቀን ዝርዝሩ ላይ ይጻፍ፤ አምስቱ እማማዎችና አባባዎች ድንገት ጸጥ ያለ ስልክ ይዘው የሚቀሩት ይህ ሲረሳ ነው።